አዲሱ የመዋኛ ገንዳ ሲያፈስና ሲሰነጠቅ፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ ባለግቢዎች ዝርዝር መመሪያ

ገንዳው አልቋል። ሴራሚኩ ያበራል፣ ውሃው ሞልቷል፣ ልጆቹ ገብተው ወጥተዋል። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ጠዋት ጠዋት ዝቅ ብሎ መገኘት ይጀምራል። ወይ ጥግ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ብቅ ትላለች። ፎርማኑ ይጠራል። "ወላሂ ጋሼ፣ ፀሐዩ ነው የሚጠጣው፤ የኮምቦልቻን ሙቀት አያውቁትም እንዴ?" ይላል። ካልሆነም አንድ ቆርቆሮ የውሃ መከላከያ ቀለም ይዞ ይመጣና "ቀብተን እንገላገል" ይላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ውሃ ይጠጣል፣ እውነት ነው። ግን ስንት እንደሚጠጣ ይለካል። ቀለሙም ቦታውን ካገኘ ሊጠቅም ይችላል። ቦታው ሳይታወቅ ሲቀባ ግን ጉድለቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ውሃውን አያቆመውም። ችግሩ ተመልሶ ሲመጣ ሠራተኛው የለም፣ ክፍያው አልቋል፣ ማስረጃው ከቀለም ሥር ነው። ስለዚህ አጥብቄ የምለው ይህን ነው፦ ውሃው በየት እንደሚወጣ ሳይታወቅና በወረቀት ሳይሰፍር ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳይሸፍን።

መመሪያው ለመዋኛ ገንዳ የተጻፈ ነው። ደሴ ላይ ብርዱ ለዋና ስለማይመች በግቢ የሚቆፈረው ብዙውን ጊዜ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። የሚያፈስበትን ቦታ የመፈለጉና የውሉ ጉዳይ ለእሱም ያው ነው። ለስሌት እንዲመቸን 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ እንያዝ። 48 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። 48,000 ሊትር ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ከሁሉ በፊት ኤሌክትሪኩ

ውሃው ውስጥ እጁን የከተተ ወይም የብረት መሰላሉን የያዘ ሰው "ነዘረኝ" ካለ ቀልድ አይደለም። ብሬከሩን አጥፉ። ማንም እንዳይገባ፣ ማንም ብረቱን እንዳይነካ አድርጉ። ኤሌክትሪሽያን መጥቶ ለክቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ሌላው ምርመራ ሁሉ ይቆያል።

ኤሌክትሪሽያኑን እነዚህን ጠይቁት። የውሃ ውስጥ መብራቱ በትራንስፎርመር ወርዶ 12 ቮልት ነው ወይስ በቀጥታ 220 ገብቶበታል? መሥመሩ ላይ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር አለ? የፓምፑ አካል፣ መሰላሉና የገንዳው ፌሮ ከመሬት ሽቦ ጋር ተያይዘዋል? ሶኬቶቹ ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 3.5 ሜትር ርቀዋል? አንዱ እንኳ ከጎደለ በጉድለት ዝርዝሩ አናት ላይ ይጻፍ። ከስንጥቅም ይቀድማል።

የወለሉን መምጠጫም እዩት። አንድ ብቻ ከሆነና ክዳኑ ጠፍጣፋ ወይም የላላ ከሆነ የልጅን ፀጉር ወይም እጅ ስቦ ሊይዝ ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ቢያንስ በአንድ ሜትር የተራራቁ ሁለት መምጠጫዎች፣ ጎበጥ ያለ ክዳን ያላቸው፣ በአንድ ቧንቧ የተያያዙ ናቸው። አጥር ከሌለም ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ዙሪያውን በሆነ ነገር ዝጉት።

ደረጃ 2፦ ውሃውን አታውጡ

ገንዳ ሲያፈስ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ባዶ ማድረግን ነው። ፎርማኑም "አውጡትና ልየው" ይላል። በተለይ በክረምት ይህን እሺ አትበሉ።

ምክንያቱ ክብደት ነው። ግድግዳውና ወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው የምሳሌያችን ገንዳ ኮንክሪቱ 35 ቶን ገደማ ይመዝናል። በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ውሃ ጠግቦ የከርሰ ምድር ውሃው እስከ ገንዳው አፍ ቢደርስ፣ ሽቅብ የሚገፋው ኃይል ከ60 ቶን ያልፋል። ገንዳው ሙሉ ሳለ ውስጡ ያለው 48 ቶን ውሃ ተጭኖ ይይዘዋል። ባዶ ሲሆን ግን እንደ ጀልባ ይነሣል። ቧንቧው ይቆረጣል፣ ወለሉ ይፈነዳል። ያን ጊዜ የምትከራከሩት ስለ ጥገና መሆኑ ይቀርና ገንዳውን እንደገና ስለ መሥራት ይሆናል። ኮንትራክተሩም "ባዶ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ" የሚል ጥሩ መልስ ያገኛል።

ባዶ ማድረግ ግድ ከሆነ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ይሁን። የበልጉንም ዝናብ አስቡ። ከዚያ በፊት ከገንዳው አጠገብ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ዝቅ ያለ ጠባብ ጉድጓድ አስቆፍሩ። አድሮ ውሃ ካቆረ መሬቱ ውሃ አለው ማለት ነው፤ ያ ውሃ እየተሳበ ካልወጣ ገንዳው አይነካ። ለቦርከና ወንዝ የቀረበ ዝቅተኛ ግቢ ከሆነ ይህን ጉድጓድ ሳታዩ ምንም አታድርጉ።

ደሴ ላይ ጣጣው ሌላ ነው። በጦሳ ተራራ ሥር ያለው መሬት ተዳፋት ነው፣ ከተማዋም የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ናት። ከማጠራቀሚያ እየሾለከ ተዳፋቱ ውስጥ የሚገባ ውሃ ከታች ያለውን የጎረቤት ግንብ ይገፋል። እዚያ ውሃው ቶሎ መቀነስ አለበት፤ የወጣው ውሃም ወደ ቁልቁለቱ ሳይሆን ወደ መንገድ ማፋሰሻው ይሂድ።

ደረጃ 3፦ ፋይል ክፈቱ

ውሉ፣ ፕላኑ፣ የክፍያ ደረሰኞች፣ የሲሚንቶና የፌሮ ደረሰኞች፣ በቴሌግራም የተላላካችሁት ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰብሰብ። ሥራው ሲሠራ የተነሡ ፎቶዎች ካሏችሁ ወርቅ ናቸው። ፌሮው እንዴት እንደታሰረ፣ ወለሉ መቼ እንደተሞላ፣ ቧንቧው በየት እንዳለፈ ከዚያ ይታያል። ጉድለቱን ስታነሡ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ አንሡ።

ሥራው በእጅ ዋጋ ብቻ የተሰጠ ከሆነ፣ ማለትም ሲሚንቶውን፣ አሸዋውንና ጠጠሩን እናንተ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ክርክሩ ከዚህ እንደሚጀምር እወቁ። "አሸዋው አፈር ነበረው፣ ሲሚንቶው ቆይቶ ነበር" ይባላል። ግቢ ውስጥ የተረፈ አሸዋ ካለ አትጣሉት። ጥርት ባለ ጠርሙስ ግማሹን አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃ አድርጋችሁ በደንብ ነቅንቁና ለጥቂት ሰዓት ተዉት። አሸዋው ከታች ይዘቅጣል፣ አፈሩ ከላይ ይነጠፋል። የአፈሩ ንብርብር ከአሸዋው አንጻር ቀጭን መስመር ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። ወፍራም ከሆነ ግን የፎርማኑ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን "አፈር ያለበት አሸዋ አልሠራም" ማለት የባለሙያው ፋንታ ነበር።

ደረጃ 4፦ የባልዲው ሙከራ

ከምርመራው ሁሉ ርካሹ ይህ ነው። ጊዜ ስጡት።

አንድ ባልዲ ውሰዱ። የገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጡት፤ አፉ ከውሃው በላይ ይሁን። እንዳይንሳፈፍ ውስጡ ድንጋይ ጨምሩ። በራሱ በገንዳው ውሃ ሙሉት፣ የውስጡና የውጭው ውሃ እኩል እስኪሆን ድረስ። ከዚያ በማይለቅ ማርከር ሁለት መስመር አስምሩ፦ አንዱ በባልዲው ውስጥ ውሃው የደረሰበት፣ አንዱ በባልዲው ውጭ የገንዳው ውሃ የደረሰበት። የሚሞላውን ቧንቧ ዝጉ። ማንም አይዋኝ። ዝናብ ከጣለ ሙከራው ይሰረዛል፣ እንደገና ይጀመራል።

በመጀመሪያው ቀን ፓምፑ ጠፍቶ 24 ሰዓት ይቆይ። ለኩ፣ ጻፉ። በሚቀጥለው ቀን ምልክቱን አድሱና ፓምፑ እየሠራ ሌላ 24 ሰዓት ይቆይ። ለኩ፣ ጻፉ።

ባልዲው ያጣው የፀሐይና የነፋስ ድርሻ ነው። በቀን ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ገንዳው ከባልዲው በላይ ካጣ ትርፉ እየፈሰሰ ነው። ባልዲው 5፣ ገንዳው 14 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ልዩነቱ 9 ነው። 32 ካሬ ሜትር ስፋት ላይ 9 ሚሊ ሜትር ማለት 288 ሊትር ነው። በየቀኑ አንድ በርሜል ተኩል የሚጠጋ ውሃ መሬት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ውሃ በቦቴ እየገዛ ለሚሞላ ሰው ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ሁለቱን ቀኖች ስታነጻጽሩ መንገዱ ይጠቁማችኋል። ፓምፑ ሲሠራ ኪሳራው ከጨመረ ውሃውን ገፍቶ ወደ ገንዳው የሚመልሰውን ቧንቧ ጠርጥሩ። ፓምፑ ሲሠራ በመመለሻው አፍ የአየር አረፋ ከወጣ በመምጠጫው መሥመር አየር እየገባ ነው፤ ፓምፑ ሲቆም እዚያው ቦታ ውሃ ይወጣል። በሁለቱም ቀን ኪሳራው እኩል ከሆነ ችግሩ በገንዳው አካል ወይም ቧንቧ ግድግዳውን በሚሰብርበት ቦታ ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሙከራ ለብቻችሁ አታድርጉት። ፎርማኑ ወይም ኮንትራክተሩ ራሱ መስመሩ ሲሰመር ይኑር፣ በማግስቱም ይምጣ። ቁጥሩ በደብተር ተጽፎ ሁለታችሁ ፈርሙበት። እምቢ ካለ ሁለት ጎረቤት በእማኝነት ይፈርሙ። በዚህ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ኋላ በሽማግሌም ፊት በዳኛም ፊት ዋጋ አለው።

ደረጃ 5፦ ቦታውን መፈለግ

ውሃውን ሳትሞሉ ተዉት፣ በየቀኑ ምልክት አድርጉ። ወቅቱ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው ይህ። ውሃው መውረዱን ያቆመበት ከፍታ ይናገራል። ከጎን ባለው ቅጠል መሰብሰቢያ አፍ ሥር ካቆመ ጉዳዩ እዚያ ነው። መብራቱ ጋ ካቆመ የመብራቱ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ አልተደፈነም። እስከ ወለሉ ከወረደ የወለሉ መምጠጫ ወይም የወለሉና የግድግዳው መገናኛ ነው። ከዚህ መገናኛ ላይ ዓይናችሁን አታንሡ። ወለሉ በአንድ ቀን፣ ግድግዳው በሌላ ቀን ስለሚሞላ በሁለቱ መካከል ስፌት ይቀራል። በስፌቱ ውስጥ ውሃ የሚያግድ ጎማ ካልተቀበረ ወይም አሮጌው ኮንክሪት ሳይታጠብ አዲሱ ከተደፋበት ውሃ ያሳልፋል።

ቀጥሎ የቀለም ሙከራ ነው። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዙ። የምግብ ቀለም፣ ቢቻል ቀይ፣ ሙሉበት። ፓምፑን አጥፉና ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ። ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ውሃውን አታነቃንቁ። የስሪንጁን አፍ ወደ ተጠረጠረው ቦታ አስጠጉና አንድ ጠብታ ያህል ብቻ ግፉ። ቀለሙ እዚያው ደመና ሆኖ ቀስ እያለ ከተበተነ ቦታው ደህና ነው። ክር ሆኖ ወደ ስንጥቁ ወይም ወደ ቧንቧው ዙሪያ ከተሳበ ግን አገኛችሁት። ሌላ ሰው ከላይ ሆኖ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጸው። ያ ክር ሲገባ ያየ ሰው "ፀሐይ ነው" ብሎ አይከራከርም።

ቀለሙን በቅደም ተከተል ሞክሩ፦ ቧንቧዎቹ ከግድግዳ የሚወጡባቸው ክቦች፣ የመብራቱ ዙሪያ፣ የቅጠል መሰብሰቢያውና የኮንክሪቱ መገናኛ፣ ጥጎቹ፣ ከዚያ ስንጥቆቹ። ብዙ ሰው ከስንጥቁ ይጀምራል፤ እኔ ከቧንቧዎቹ ዙሪያ ጀምሩ እላለሁ። ፒቪሲ ቱቦና ኮንክሪት በራሳቸው አይያያዙም።

ቧንቧው ራሱ ከተጠረጠረ ቧንቧ ሠራተኛው ሁለቱን ጫፍ ደፍኖ በእጅ ፓምፕ እስከ 2 ባር ገደማ ይሙላው። ለግማሽ ሰዓት ጌጁ ካልወረደ ቧንቧው ነጻ ነው። ወለል ሳይሰበር የሚደረግ ነገር ስለሆነ "ሰብረን እንየው" ከሚለው በፊት ይህ ይቅደም።

ከውጭም ዞር ዞር በሉ። በጥር ሣሩ የለመለመበት ጥግ፣ የራሰ የአጥር ግንብ፣ የሰመጠ የንጣፍ ድንጋይ ሁሉም ይጠቁማሉ።

ደረጃ 6፦ ስንጥቅን ማንበብ

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ፣ ጥልቀት የሌላቸው መስመሮች የልስን ናቸው። ልስኑ በፀሐይ ቶሎ ስለደረቀ ወይም ውሃ ስላልጠጣ ይመጣሉ። ያስጠላሉ እንጂ ገንዳውን አይጥሉም። በግድግዳው መሐል ቀጥ ብሎ የወረደ ቀጭን ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ኮንክሪቱ ሲደርቅ የተሸበሸበበት ነው። ሰያፍ ሆኖ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ካለ ግን መሬቱ ሰምጧል። በግድግዳው አግድም ሄዶ ግድግዳው ወደ ውስጥ ካበጠ አፈሩ እየገፋው ነው።

ስፋቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። የተለመደ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ሁለት ወረቀት ተደራርቦ ከገባ ስንጥቁ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ውሃ ለሚይዝ ኮንክሪት በተለምዶ የሚቀመጠው ወሰን 0.2 ነው። ከዚያ የቀጠነ ስንጥቅ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር እየሠራ ራሱን ሊደፍን ይችላል። ከዚያ የሰፋ ግን አይተዉትም።

ትልቁ ጥያቄ ስንጥቁ ቆሟል ወይስ ይንቀሳቀሳል የሚለው ነው። ለዚህ ጀሶ በቂ ነው። ከውሃው በላይ ባለው ክፍል ስንጥቁን አቋርጣችሁ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለው ጀሶ ለጥፉ። ቀኑን በላዩ ጻፉበት። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ አጭር መስመር አድርጋችሁ ቀን ጻፉባቸው። ጀሶ አይለጠጥም። ስንጥቁ ትንሽ ከተከፈተ ጀሶው ለሁለት ይከፈላል። ቢያንስ ለአንድ ወር፣ ከተቻለ ዝናብና ፀሐይ እስኪፈራረቅ ድረስ ተከታተሉት። ጀሶው ሳይሰነጠቅ ከቆየ ስንጥቁ ቆሟል፣ በቀላሉ ይጠገናል። ከተሰነጠቀ መሬቱን ሳያስተካክሉ ስንጥቁን መድፈን ገንዘብ መጣል ነው።

ስለ መሬቱ ካነሣን፣ በቦርከና ሸለቆ በየቦታው የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ኮትቻ ወይም ዋልካ የምንለው፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገንዳ ላይ የሚከፋው ጉዳቱ ራሱን ስለሚያባብስ ነው። ትንሽ ውሃ ይሾልካል፣ አፈሩ በአንድ ጎን ብቻ ያብጣል፣ ገንዳውን ያጋድላል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ተጨማሪ ውሃ ይሾልካል። ስለዚህ ጥቁር አፈር ላይ ያለ ገንዳ ሲያፈስ "እስኪ እንየው" እያሉ ክረምት ማስገባት አይቻልም። አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ተሞልቶ፣ በየንብርብሩ ተጠቅጥቆ እንደነበር ፎቶ ካላችሁ አውጡት። ከሌላችሁ ከገንዳው ጎን አንድ ጉድጓድ ማስቆፈር እውነቱን ያወጣዋል።

ደረጃ 7፦ ሌሎች ጉድለቶች

ውሃው ራሱ ትክክለኛው ውሃ ልክ ነው። ገንዳውን ሙሉትና በአራቱም ጥግ ከሴራሚኩ ጠርዝ እስከ ውሃው ለኩ። ልዩነቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጠርዙ ተዛንፏል። ከርክክቡ ጊዜ ቁጥር ጋር አነጻጽሩት። ልዩነቱ እየጨመረ ከሄደ ገንዳው እያጋደለ ነው።

ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ሙጫው አልሞላም። ጥቂት ከሆነ ይቀየራል፤ ግድግዳው በሙሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ሥራው በሙሉ ተነሥቶ ይሠራ። የዝገት ነጠብጣብ ካያችሁ ፌሮው ወደ ላይ ቀርቧል፤ ውሃና አፈር በሚነካው ኮንክሪት ፌሮው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሽፋን ይፈልጋል። ጠጠሩ ብቻ ተቆልሎ ሲሚንቶው ያልገባበት ቀዳዳ ቀዳዳ ቦታ ካለ ኮንክሪቱ በቫይብሬተር በደንብ አልተመታም። ፓምፑስ? 48 ሜትር ኩብ ውሃ በ8 ሰዓት አንዴ ለማጣራት በሰዓት 6 ሜትር ኩብ መግፋት አለበት። የፓምፑ ሰሌዳ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ።

ኮንትራክተሩ ላይ የማይላከከው ደግሞ አለ። ውሃው አረንጓዴ መሆኑ የክሎሪን ጉዳይ ነው። የአሲድ ልኩ (ፒኤች) ከ7.2 እስከ 7.8፣ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይሁን። አዲስ ልስን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፒኤቹን ሽቅብ ይገፋዋል፣ በየጊዜው ማስተካከል ያስፈልጋል። እነዚህን ከጉድለት ዝርዝሩ ጋር አትቀላቅሉ። አንድ የማይረባ ቅሬታ ዘጠኙን ትክክለኛ ያደክማል።

ደረጃ 8፦ ገለልተኛ መሐንዲስ

ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ገንዳው ካጋደለ ወይም ኮንትራክተሩ የባልዲውን ውጤት ካልተቀበለ መሐንዲስ ያስፈልጋል። ከኮንትራክተሩ ጋር የማይሠራ ይሁን። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስላለ የሲቪል ምህንድስና ባለሙያ ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቃል የተነገረ አስተያየት አትቀበሉ። ሪፖርቱ የታየውን ጉድለት፣ የተደረገውን ልኬት፣ የመሐንዲሱን የምክንያት ግምት፣ የጥገና ዘዴና የወጪ ግምት ይያዝ፤ ስምና ፊርማም ይኑረው። ኮንትራክተሩ በምርመራው ቀን እንዲገኝ በጽሑፍ ጥሩት።

ደረጃ 9፦ ደብዳቤው፣ ሽማግሌው፣ ሕጉ

ስልክ ደውሎ መጮህ አንጀት ያርሳል እንጂ ፋይል አይሞላም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል አልተፈጸመም ብሎ ከመክሰስ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል፤ ቁጥር 1772 ነው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት የሕንጻ ሥራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ ነው። ከአሠራር ጉድለት የመጣውንም፣ ከመሬቱ ጠባይ የመጣውንም ጉዳት ይጨምራል። እንግዲህ "አፈሩ ነው" የሚለው መልስ ብቻውን ማምለጫ አይሆንም። መሬቱን ሳያጠና የሠራው እሱ ነው።

ደብዳቤው ቁጣ አይኑርበት። ይህን ያህል ይበቃል፦

"ጉዳዩ፦ በመዋኛ ገንዳው ላይ የታዩ ጉድለቶች እንዲስተካከሉ ስለመጠየቅ። በ___ ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት በኮምቦልቻ ከተማ በሚገኘው ግቢዬ የመዋኛ ገንዳ መሥራትዎ ይታወሳል። ከ___ እስከ ___ በጋራ በተደረገው ልኬት ገንዳው በትነት ከሚያጣው ሌላ በቀን 9 ሚሊ ሜትር ውሃ እንደሚያጣ ታይቷል። በቀለም በተደረገው ሙከራም በሰሜን ግድግዳ ባለው የመመለሻ ቧንቧ ዙሪያ ውሃ እንደሚወጣ ተረጋግጧል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በ15 ቀን ውስጥ የጥገና ዘዴዎን በጽሑፍ አቅርበው ሥራውን እንዲጀምሩ፣ ካልሆነ ግን መብቴን በሕግ የምጠይቅ መሆኔን አሳውቃለሁ።"

ፎቶዎቹን አያይዙ። ቅጂው ላይ "ደርሶኛል" ብሎ ይፈርም። ካልፈረመ በእማኝ ፊት ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ይላክለት።

ከዚህ በኋላ ብዙው ጉዳይ በሽምግልና ያልቃል፤ ወሎ ላይ ይህ ያለ ነው፣ እኔም ከፍርድ ቤት በፊት እሱን እመርጣለሁ። ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል፣ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ራሱ ተመልሶ ይጠግናል። ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግንባታ የሚያውቅ ይሁን። ስምምነቱም "ይቅር ተባባሉ" ተብሎ እንዳይቀር፣ ምን እንደሚጠገን፣ በማን ወጪ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ተጽፎ ይፈረም። ሽምግልናው ካልያዘ ሌላ ሰው ቀጥራችሁ ከማስጠገናችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ወጪውን ከኮንትራክተሩ ለማስከፈል አስቀድሞ የፍርድ ቤት ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። ማስረጃውም ከጥገናው ጋር ይጠፋል።

ደረጃ 10፦ የምትቀበሉት ጥገና

ኮንትራክተሩ "እሺ" ሲል ሥራው ገና ነው። ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይንገራችሁ።

በቧንቧ ዙሪያ ለሚያፈስ፦ ዙሪያው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተፈልፍሎ፣ ቱቦው ተሞርዶ፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ማሸጊያ ተጠምጥሞበት፣ በማይሸበሸብ ሲሚንቶ ይሞላ። ሲሊኮን ከላይ መለጠፍ ጥገና አይደለም።

ለቆመ ደረቅ ስንጥቅ ኤፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ በግፊት ይወጋል፤ ኮንክሪቱን መልሶ ያያይዘዋል። እርጥብ ለሆነ ወይም ትንሽ ለሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ግን ፖሊዩሬቴን ይሻላል፣ ስለሚለጠጥ። ኤፖክሲ የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ላይ ከተወጋ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይከፈታል። ሲሚንቶው ያልገባበት ኮንክሪት እስከ ጤነኛው ክፍል ድረስ ይፈልፈልና ይሞላ። መሬቱ ለሰመጠው ገንዳ መሐንዲሱ ከሚያዘው በቀር በግምት ምንም አይደረግ።

የውሃ መከላከያው ቅብ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ይነሣ።

ደረጃ 11፦ እንደገና መለካትና ክፍያ

ኮንክሪትና ልስን ጊዜውን ይጨርስ። ከዚያ ሴራሚኩ ከመመለሱ በፊት ገንዳውን ቀስ ብላችሁ ሙሉት፣ በ24 ሰዓት ከ2 ሜትር ጥልቀት በማይበልጥ ፍጥነት። ኮንክሪቱ ውሃ እስኪጠጣ አንድ ሳምንት ይቆይ። ቀጥሎ ለ7 ቀን በባልዲው ለኩ። ለውሃ መያዣ ኮንክሪት በሰፊው ይሠራበት የነበረው የብሪታኒያ ስታንዳርድ፣ የትነትና የዝናብ ሒሳብ ተቀናንሶ፣ ውሃው በ7 ቀን ውስጥ ከአማካይ ጥልቀቱ አንድ አምስት መቶኛ ወይም ከ10 ሚሊ ሜትር፣ ከሁለቱ ካነሰው በላይ እንዳይወርድ ይጠይቅ ነበር፤ ለምሳሌያችን ገንዳ 3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ካለፈ ሴራሚክ አይለጠፍም፤ ወደ ቀለሙ ሙከራ ይመለሳል።

ካላለፈ ሁለታችሁ የምትፈርሙበት የጊዜያዊ ርክክብ ወረቀት ይዘጋጅ። የተጠገነው ቦታ ሁሉ፣ የልኬቱ ቁጥርና ቀኑ ይስፈርበት። ከጠቅላላው ዋጋ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው የመያዣ ገንዘብ አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ እጃችሁ ላይ ይቆይ። ይህ በውሉ ላይ ካልነበረ የጥገናው ስምምነት ውስጥ ይግባ። በመስከረም መጨረሻ አራቱን ጥጎች እንደገና ለኩ፣ ስንጥቆቹን እዩ፣ የባልዲውን ሙከራ ድገሙ። ቁጥሩ ከርክክቡ ቁጥር ጋር ከገጠመ የመጨረሻውን ርክክብ ፈርሙና ቀሪውን ገንዘብ በዚያው ቀን ክፈሉት።